የሮክ ባንድ ሲትኮም (አስቂኝ ተከታታይ የቲቪ ድራማ)፦ ዘፈኑ ቀድሞ ይቀረጽ ወይስ እዚያው በቀጥታ?

ቀድሞ ስቱዲዮ ቀርጾ ካሜራ ፊት የሚጫወቱ ማስመሰል፦ ድምፁ ጥርት ይላል፤ ትዕይንቱ ከብዙ ማዕዘን ቢደጋገምም ፍጥነቱ ስለማይለወጥ ኤዲቲንጉ ይቀላል። ጣጣው ከበሮው ነው፤ እንዳይጮህ በጨርቅ ሲታፈን ተዋናዩ ምቱን ያለሰልሳል፣ እጁና የሚሰማው ድምፅ አይመሳሰሉም። ዘፋኙም ከንፈሩን ብቻ ካንቀሳቀሰ ትንፋሹ ያጋልጠዋል፤ ድምፁን አውጥቶ ይዝፈን።

በቀጥታ መቅረጽ፦ በእርግጥ መጫወት የሚችሉ ተዋናዮችና ረጅም ልምምድ ይፈልጋል። የከበሮው ድምፅ ዘፋኙ ማይክሮፎን ውስጥ ስለሚገባ አንዲትን ስህተት ነጥሎ ማረም ያስቸግራል። ሁሉም በጆሮ ማዳመጫ አንድ ምት ካልተከተሉ ተደጋግመው የተቀረጹት ቅጂዎች አይገጣጠሙም።

ባንዱ ጋራዥ ውስጥ ሲለማመድ፣ የጊታር ክር ሲበጠስ፣ ዘፈን መሃል ጠብ ሲነሳ ቀጥታው ይሻላል፤ አስቂኝ ስህተት ስቱዲዮ ውስጥ ሲፈበረክ ያስታውቃል። ለትልቅ ኮንሰርትና ጭፈራ ላለበት ትዕይንት ግን ቀድሞ የተቀረጸው ይመረጣል።