ቆዳ የሚያቀሉ ክሬሞች፦ ፊት ከመቀባት በፊት የብልቃጡን ጀርባ ማንበብ

ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ በጉንጮቼ ላይ የወጣው ማድያት አልጠፋ ስላለኝ ሁለት ክሬሞችን በየተራ ተጠቅሜአለሁ። የመጀመሪያው ወዳጄ ያመጣችልኝ፣ የሚያምር ስያሜ እንጂ የይዘት ዝርዝር ያልተጻፈበት ትንሽ ብልቃጥ ነበር፤ ሁለተኛው የቆዳ ሐኪም ያዘዘልኝ፣ 20 በመቶ አዜላይክ አሲድ ያለው ክሬም ነው።

የመጀመሪያው ክሬም ፍጥነቱ ያስደንቅ ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ ማድያቱ ደበዘዘ፣ ፊቴም በሙሉ ለስልሶ ቀላ፤ ያየኝ ሁሉ ምን እንደምቀባ ይጠይቀኝ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ብልቃጡ አልቆ ባቆምኩ በጥቂት ቀናት ግን ፊቴ በርበሬ እንደነካው ይለበልበኝ ጀመር፣ አገጬና ጉንጬ በጥቃቅን ሽፍታ ተሸፈነ፣ ማድያቱም ተመልሶ መጣ። ሐኪሟ ሁኔታውን አይታ ክሬሙ ሳይነገረኝ ኃይለኛ ስቴሮይድ፣ ማለትም የቆዳን መቆጣት የሚያበርድ መድኃኒት፣ ሳይቀላቀልበት እንዳልቀረ ነገረችኝ።

በእንዲህ ዓይነት ክሬሞች ውስጥ በብዛት የሚገኘው ስቴሮይድ ክሎቤታሶል ነው። ክሎቤታሶል በራሱ መጥፎ መድኃኒት አይደለም፤ ከባድ ኤክዜማና ሶርያሲስ ለተባሉ የቆዳ በሽታዎች በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ በተከታታይ ከ2 ሳምንት በላይ እንዲቀጥል አይመከርም፣ ለፊትም አይመረጥም። ለወራት ሲቀቡት ቆዳን ያሳሳል፣ ደም ሥሮችን ያጎላል፣ የማይጠፋ ሸንተረር ያወጣል፤ ሰፊ የሰውነት ክፍል ላይ ሲውል ደግሞ ወደ ደም ገብቶ አድሬናል የተባለው ዕጢ ሆርሞን ማምረቱን እንዲቀንስ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ በቀናት ውስጥ መላ ፊትን የሚያቀላ ክሬም ሲገጥመኝ፣ ዛሬ ከጥሩነቱ ይልቅ የተደበቀውን ነገር እጠረጥራለሁ።

ሌላው መታወቅ ያለበት ሃይድሮኩዊኖን ነው። የቆዳ ቀለም የሆነው ሜላኒን የሚሠራው ታይሮሲኔዝ በተባለ ኢንዛይም አማካኝነት ስለሆነ፣ ሃይድሮኩዊኖን ይህን ኢንዛይም በመግታት ቀለሙን ይቀንሳል። በሐኪም ክትትል ለተወሰኑ ወራት ለማድያት ሲውል ይሠራል፤ ሳይቋረጥ ለዓመታት ሲቀቡት ግን ኦክሮኖሲስ የሚባል፣ ቆዳን ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁረት የሚያለብስና ለማስለቀቅ እጅግ የሚያስቸግር ችግር ሊያስከትል ይችላል። ለመቅላት ብሎ መጥቆር ማለት ይህ ነው። ከሰውነት ውጪ የሚቀር ነገርም አይደለም፤ ከተቀባው ቀላል የማይባል መጠን ወደ ደም ስለሚገባ ነፍሰ ጡር ሴት ልትርቀው ይገባል።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ሜርኩሪ ነው፤ ኩላሊትንና ነርቭን ስለሚጎዳ ብቻ ሳይሆን፣ ከፎጣና ከትራስ ላይ ተንኖ ክሬሙን ያልተቀቡትን የቤት ልጆች ጭምር ስለሚደርስ። ሜርኩሪን ለመቆጣጠር የተደረገው ዓለም አቀፉ የሚናማታ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2013 ሲጸድቅ በአንድ ኪሎ መዋቢያ ከ1 ሚሊግራም በላይ ሜርኩሪ እንዳይኖር ገድቦ ነበር፤ በ2023 ደግሞ አባል አገሮቹ ገደቡን አንስተው፣ ሜርኩሪ የተጨመረበት መዋቢያ በሙሉ እስከ 2025 እንዲቀር ወሰኑ። ያም ሆኖ ምርቱ ዛሬም ስለሚሸጥ ጽሑፉን ማየት ግድ ነው፦ ካሎሜል፣ ሜርኩረስ ክሎራይድ ወይም ሜርኩሪክ አዮዳይድ የሚል ከተጻፈበት፣ ወይም ከወርቅ፣ ከብርና ከአሉሚኒየም ጋር እንዳይነካካ የሚያስጠነቅቅ ከሆነ አይነካ። ይዘቱ ጨርሶ ያልተጻፈበትንም፣ እንደ እኔው ብልቃጥ ያለውን ማለቴ ነው፣ ከዚሁ እቆጥረዋለሁ።

ሁለተኛው ክሬም ዘገምተኛ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያሳክከኝና ይቆጠቁጠኝ ስለነበር ሁለት ጊዜ ላቆመው ቃጥቶኛል፤ ለውጥ ያየሁትም በሦስተኛው ወር ነው። ማድያቱ ፈጽሞ አልጠፋም፣ ነገር ግን በግልጽ ደብዝዟል፣ የቀረው የፊቴ ቀለምም አልተነካም፤ እኔም የፈለግሁት ይህንኑ ነበር። የጸሐይ መከላከያ ካልታከለበት ግን ልፋቱ ከንቱ ነው። የመከላከል መጠኑ (SPF) ቢያንስ 30 የሆነ መከላከያ፣ ደጅ ሲውሉ በየ2 ሰዓቱ መቀባት ያስፈልጋል፤ የሚታየው ብርሃንም ማድያትን ስለሚያባብስ፣ አይረን ኦክሳይድ ያለበትን ቀለም ያለው መከላከያ እመርጣለሁ።

መላ ሰውነትን ያቀላል እየተባለ በደም ሥር የሚሰጠውን የግሉታታዮን መርፌ አልሞከርኩትም፣ ለማንም አልመክርምም፤ የአሜሪካም የፊሊፒንስም የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች ለዚህ ዓላማ እንዳይወሰድ አስጠንቅቀዋል።

ይዘቱ ያልታወቀ ክሬም ለወራት ስትጠቀሙ የቆያችሁ ካላችሁ፣ ስቴሮይድን በድንገት ማቋረጥ እኔ ላይ የደረሰውን ሊያመጣ ስለሚችል፣ ብልቃጡን ሳትጥሉ ይዛችሁ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ምን ያህል ጊዜና የት የት እንደተቀባችሁም ሳታፍሩ ንገሩ።