ሚስ የሚያደርግ አሮጌ ፒካፕ፦ ስካነር ወይስ የእጅ ፍተሻ?

ሞተሩ ሚስ ሲያደርግ (ሲሊንደር ውስጥ ነዳጁ በትክክል ሳይቃጠል ሲቀር) ብዙ ሰው ሮጦ አዲስ ካንዴላ ይገዛል። መጀመሪያ ግን ችግር ያለበትን ሲሊንደር መለየት ይሻላል።

ስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር የስህተት ኮድ የሚያነብ መሣሪያ)፦ ፈጣን ነው። ኮዱ ፒ0301 ካለ ችግሩ አንደኛው ሲሊንደር ላይ ነው፤ ፒ0300 ካለ በአንድ ሲሊንደር ብቻ አልተወሰነም። ምክንያቱን ግን አይነግራችሁም።

የእጅ ፍተሻ፦ ወጪው ትንሽ፣ ጊዜው ብዙ። ካንዴላውን ከሌላ ሲሊንደር ጋር አቀያይሩ። ችግሩ አብሮት ከሄደ ጥፋቱ የካንዴላው ነው። ካልሄደ ቦቢናውን (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን) ወይም የካንዴላውን ገመድ፣ ቀጥሎ ነዳጅ የሚረጨውን ኢንጀክተር ፈትሹ፤ በመጨረሻ ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሩን ግፊት) ለኩ። ሞተሩ እየሠራ የካንዴላ ገመድ በባዶ እጅ መንቀል አደገኛ ነው፤ እባካችሁ ተዉት።

ለአሜሪካ ገበያ ከ1996 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለተሠራ ፒካፕ ስካነሩ ይቅደም። ካርቡሬተር (በድሮ መኪኖች ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ላለው የእጁ መንገድ ይሻላል። የቼክ ኢንጂን መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ግን መንዳቱን አቁሙ፤ የጭስ ማጣሪያው ካታሊቲክ ኮንቨርተር ሊበላሽ ይችላል።