የአባቴን ጀልባ ላዳኑልን ጋሼ

ይህን ጽሁፍ ከወር በፊት ነበር መጻፍ የነበረብኝ። ጀልባዋ ውሃ ላይ ወርዳ ሳላያት ግን ማመስገን አልፈለግኩም። አሁን አይቻታለሁ።

አባቴ ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ሐይቅ ላይ ይቀዝፍባት የነበረች የእንጨት ጀልባ አለችን። ርዝመቷ 4 ሜትር ገደማ ነው፣ በዕድሜ እኔን ትበልጠኛለች። አባዬ ካረፈ በኋላ ሸራ ለብሳ ግቢ ውስጥ ተቀመጠች። ሸራው ተቀደደ፣ ክረምት ገባባት፣ በአንድ ጎኗ ሦስት ሳንቃና ከላይ ዙሪያዋን የሚይዘው ጠርዝ በሰበሰ።

መጀመሪያ ለሌላ ሰው ሰጥተን ነበር። ሳንቃዎቹን ቀየረ፣ የቁም ሳጥን ላኬር ረጨባቸው፣ በሁለት ቀን እንደ መስታወት አብረቀረቁ። እማዬ እልል አለች። አንድ ክረምት እንኳን አልቆየም። ላኬሩ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳ፣ ከሥሩ ያለው አዲስ እንጨት ጠቆረ፣ በየሚስማሩ ዙሪያ ደግሞ የዝገት እድፍ ወጣ። በጣም ነው ያዘንነው፣ ምክንያቱም ከአባዬ የቀረችን ዕቃ እሷ ናት።

ከዚያ ነው የሥራ ባልደረባዬ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የሚሠሩትን ጋሼን የጠቆመችኝ። ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም፣ ሰፈሩም ጋሼ ነው የሚላቸው። የዘወትር ሥራቸው በር፣ መስኮትና አሮጌ የቤት ዕቃ ማደስ ነው፣ በወጣትነታቸው ግን ዝዋይ ላይ ጀልባ ጠግነዋል። የሄድኩት ነሐሴ ላይ ነበር። ጀልባዋን ከአይሱዙው ላይ ሳትወርድ ዞር ዞር ብለው አዩዋትና "አሁን ብቀባልሽ ገንዘብሽን ዝናብ ላይ መጣል ነው። ዕቃሽን ተዪልኝ፣ አንቺ ጥቅምት ነይ" አሉኝ። ሥራ አገኘሁ ብሎ የማይሻማ ባለሙያ ሳይ እምነት ነው የሚያድርብኝ።

እስከዚያ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ለዓመታት ጣሪያ ሥር ያስቀመጡት ዋንዛ ነበራቸው። ከእሱ አንድ ቁራጭ ቆርጠው በየሦስት ቀኑ ጎረቤት ሱቅ ወስደው ያስመዝኑታል፣ ክብደቱን እዚያው እንጨቱ ላይ በእርሳስ ይጽፋሉ። ቁጥሩ መውረዱን ሲያቆም እንጨቱ ደርቋል ማለት ነው። ያልደረቀ እንጨት ላይ የተቀባ ነገር እርጥበቱን ውስጥ አፍኖ ያስቀረዋል፣ ከዚያ ከሥር ገፍቶ ይልጠዋል። የእኛ የመጀመሪያው ሥራ እንዲህ ነበር የተበላሸው።

እኔን ያስገረመኝ ግን የማይታየውን ቦታ መቀባታቸው ነው። አዲሶቹ ሳንቃዎች ከመገጠማቸው በፊት ፊታቸው፣ ጀርባቸው፣ ጎናቸው ሁሉ ተቀባ። አንዱን ሳንቃ አቁመው ቫርኒሹን ግማሽ በግማሽ በአኳራጅ አቅጥነው ጫፉ ላይ ቀቡት። ዓይኔ እያየ ጠጣው። ደገሙት፣ ጠጣው። ሲሰልሱት ነው ላዩ ላይ ማብረቅ የጀመረው። እንጨት ውሃ የሚስብበት ቧንቧው በቁመቱ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ከፊቱ ይልቅ በጫፉ ነው ውሃ የሚገባው። የብሎን ቀዳዳዎቹን እንኳን በክብሪት እንጨት ላይ ጥጥ ጠቅልለው አንድ በአንድ ከውስጥ ቀቧቸው። ብሎኖቹም በናስ ተቀየሩ፣ ናስ እንደ ብረት አይዝግም።

ከዚያ ስምንት እጅ ቫርኒሽ። የመጀመሪያው ቀጭን፣ ቀጥሎ ወፈር ያለ፣ ከዚያ ያልቀጠነው። በየመሃሉ አንድ ቀን ይደርቃል፣ በ220 ብርጭቆ ወረቀት ይፈተጋል፣ አቧራው ይጠረጋል። ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ፣ ወደ 4 ሰዓት ገደማ ሳይሆን፣ ብሩሽ አያነሱም። ከ9 ሰዓት በኋላም አይነኩም፣ የማታው ቅዝቃዜ ያልደረቀ ቫርኒሽ ላይ ካረፈ ያደበዝዘዋል። ከመቀባታቸው በፊት አቧራ እንዳይነሳ ወለሉን ውሃ ይረጩታል። ጣሳውን ሲያማስሉ ቀስ ብለው ነው፣ አረፋ እንዳይገባበት።

መቅዘፊያዎቹን በተልባ ዘይት ነው ያሹዋቸው። ዘይቱ የነካው ጨርቅ ተጨብጦ ጥግ ሲጣል ራሱ ሞቆ እሳት ሊነሳ ስለሚችል፣ ሁሌም ውሃ ነክረው ሽቦ ላይ ዘርግተው ነው ወደ ቤታቸው የሚሄዱት። ቤታችሁ ዘይት የምትቀቡ ሰዎች ይህን ያዙ።

ከውሃ በታች የሚውለውን ሆድዋን በቀለም ቀቡት፣ የሳንቃዎቹን መጋጠሚያ ደግሞ ለስለስ ባለ ማስቲሽ ሞሉት። ጠንካራ ስቱኮ ለምን አልሆነም ስላቸው፣ እንጨቱ ውሃ ሲጠጣ ስለሚያብጥ መተንፈሻ ካጣ ሳንቃው ይሰነጠቃል አሉኝ። "የመጀመሪያው ቀን ውሃ ታስገባለች፣ አትደንግጡ" ብለውም አስጠነቀቁን። እውነትም አስገባች። ወንድሜ በጣሳ ሲቀዳ ዋለ። በማግስቱ ጠዋት ስንመለስ ሳንቃዎቹ አብጠው ተገጣጥመዋል፣ ወለሏ ደረቅ ነበር። እማዬ አዲሱን ጠርዝ በእጇ እየዳሰሰች ብዙ ጊዜ ዝም ብላ ቆየች።

ዋጋቸው ርካሽ አይደለም፣ ይህን ልደብቃችሁ አልፈልግም። ግን መርካቶ አብረን ሄደን ነው ዕቃውን የገዛነው፣ የተረፈውን ግማሽ ጣሳ ቫርኒሽ ደግሞ በየዓመቱ አንድ ሁለት እጅ እንድደግምበት መልሰው ሰጡኝ። ፀሐይ ቫርኒሽ ትበላለች፣ እስኪላጥ አትጠብቂ ብለውኛል።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልን፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

አሮጌ በር፣ መስኮት፣ የአያት ሳጥን ያላችሁ ኢንቦክስ ላኩልኝ፣ ቦታውን አሳያችኋለሁ። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ካለፈ ብሩሻቸውን ስለሚያስቀምጡ፣ ያኔ ብትሄዱ ቁጭ ብለው ረጋ ብለው ያነጋግሯችኋል።