የ1934ቱን ሮልስ ሮይስ ክሩስኮት መልሰው ላበሩልን ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

በለንደን ለሐበሻ ሠርግ የምናከራያት ሮልስ ሮይስ 20/25 እ.ኤ.አ. በ1934 የተሠራች ናት። ባለፈው ኅዳር ሙሽሮችን አድርሰን ስንመለስ የፊት መብራቶቿ እየደበዘዙ ሄዱ፤ ክሩስኮቱ (በሾፌሩ ፊት ያለው የመለኪያዎችና የማብሪያዎች ሰሌዳ) ላይ ያለው የመብራት ማዞሪያም በእጅ ለመንካት እስኪያዳግት ድረስ ጋለ። መጀመሪያ የወሰድንበት ጋራዥ ሁለት ወር ካቆያት በኋላ የሰጠን ምክር የድሮውን ማብሪያና ማጥፊያ ከነሣጥኑ ነቅለን በዘመናዊ ፕላስቲክ እንድንተካው ነበር። ያን ምክር ሳንቀበል መኪናዋን ይዘን በመውጣታችን ዛሬም ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም አንድ ወዳጃችን ከጋሼ ጋር አገናኘን። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ በዚሁ ጋሼ በሚለው መጠሪያ እቀጥላለሁ።

ጋሼ በአዲስ አበባ በመኪና ኤሌክትሪሺያንነት ለብዙ ዓመታት የሠሩ ሰው ናቸው። ምንም ነገር ከመፍታታቸው በፊት ቴስተራቸውን አውጥተው ለኩ፤ ከባትሪው 12 ቮልት እየወጣ አምፖሎቹ ዘንድ የሚደርሰው 9 ብቻ ሆኖ ተገኘ። በመንገድ የጠፋው 3 ቮልት መብራቶቹ በሚስቡት 5 አምፔር ገደማ ሲባዛ 15 ዋት ሙቀት እንደሚሆንና ይህም በአብዛኛው በጠቆሩት የማብሪያው መገናኛዎች ላይ እንደሚያርፍ በወረቀት ላይ ጽፈው አሳዩን። ሁለት ወር ያልተገኘው ምክንያት በግማሽ ሰዓት ታወቀ።

ሥራው ግን ሦስት ቅዳሜ ወሰደ። የማብሪያውን ሣጥን ፈትተው መገናኛዎቹን አጸዱ፣ የላሉትን ስፕሪንጎች መለሱ፣ በጥጥ ልባሱ ሥር ጎማው ደርቆ የተሰነጣጠቀውን ሽቦ በሙሉ አውጥተው ከውጭ ጥጥ የለበሰ ከውስጥ ግን ዘመናዊ መከላከያ ባለው ሽቦ ተኩት። ከክሩስኮቱ ጀርባ በማይታይ ቦታ ሪሌ (በትንሽ ኮረንት ትልቁን ኮረንት የሚያበራና የሚያጠፋ መሣሪያ) ስላስገቡም አሁን በአሮጌው ማብሪያ የሚያልፈው ሪሌውን ለመቀስቀስ የሚበቃ ከአንድ አምፔር በታች የሆነ ኮረንት ብቻ ነው።

እኔ በበኩሌ የክሩስኮቱ መብራት በነጭ ኤልኢዲ ይተካ ብዬ ነበር፤ ጋሼ ግን አሻፈረኝ አሉ። የጌጆቹ (የመለኪያዎቹ) መብራት ትንሽና ክዳን ያለው ሆኖ የተሠራው ብርሃኑ በጌጁ ፊት ላይ እንጂ በሾፌሩ ዓይን ላይ እንዳያርፍ ነው፤ ክሩስኮቱ ከልክ በላይ ከበራ የፊት መስታወቱ ላይ እያንጸባረቀ የጨለማውን መንገድ ይጋርዳል። ማዞሪያው እጀታ ያለው መሆኑም ጓንት ያጠለቀ እጅ ሳያዩ እንዲያገኘውና የቆመበትን አቅጣጫ በመዳሰስ ብቻ እንዲያውቀው እንደሚረዳ ነገሩን። ከኤሌክትሪክ በፊት በነበሩት መኪኖች ሾፌሩ ራሱ ወርዶ ካርባይድና ውሃ ተገናኝተው የሚያወጡትን የአሲቲሊን ጋዝ በክብሪት ይለኩስ ነበር፤ ካዲላክ እ.ኤ.አ. ለ1912 ሞዴሉ የኤሌክትሪክ ሞተሪኖ (ሞተር ማስነሻ) እና መብራት አጣምሮ ካቀረበ ወዲህ ነው መብራትን ከወንበር ሳይነሱ ማዘዝ እየተለመደ የመጣው። ከሮልስ ሮይስ መሥራቾች አንዱ ሄንሪ ሮይስም ቢሆኑ መኪና ከመሥራታቸው ሃያ ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1884 በማንችስተር በከፈቱት ድርጅት የኤሌክትሪክ ደወልን የመሳሰሉ ዕቃዎችን ይሠሩ ነበርና፣ ጋሼ ሣጥኑን በከፈቱ ቁጥር «ይህ የኤሌክትሪክ ሰው ሥራ ነው» እያሉ ይደነቁ ነበር።

ከጎኗ ብቅ የሚለውን የመታጠፊያ ምልክትም ያለ ተጨማሪ ክፍያ አስተካክለውልናል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ገረመኝ፤ እኛ «ፍሬቻ» የምንለው ቃል በጣልያንኛ ቀስት ማለት ሲሆን፣ በዚህች መኪና ላይ ያለው በእርግጥም ቀስት የሚመስል ክንድ ነው።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ዕድሜና ጤና ያድልልን። ያስከፈሉን የሠሩባቸውን ቀናት ብቻ ነው፤ የተነሡትን አሮጌ ዕቃዎችም አንድ በአንድ በፖስታ አድርገው አስረክበውናል። አሮጌ መኪና ያላችሁ፣ በተለይም የቀደመ ባለሙያ ሽቦውን ያወሳሰበባችሁ፣ በውስጥ መስመር ብትጽፉልኝ አገናኛችኋለሁ። የሚሠሩት ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ስለሆነ የሠርግ ወቅት ሳይደርስ ቀጠሮ ያዙ፤ ስትጽፉም ከክሩስኮቱ ጀርባ ያለውን ሽቦ ፎቶ አንስታችሁ ላኩ፣ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።