ቤታችን በብርዱ ወራት እንዳይጨልም ላደረጉልን የኢነርጂ ድጋፍ ሠራተኛ ምስጋና

በሚኒሶታ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ባለፈው የብርድ ወራት የቤታችን መብራት ሊቋረጥ አሥር ቀን ሲቀረው የደረሱልንን አንዲት የኢነርጂ ድጋፍ (የመብራትና የማሞቂያ ቢል መክፈያ እርዳታ) ሠራተኛ በአደባባይ ለማመስገን ነው። ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ የደረሰው ሰውም ሳይውል ሳያድር እሳቸውን ወደ መሰለ ባለሙያ እንዲሄድ ለመጠቆም ነው። ስማቸው እንዳይነሳ ስለ ጠየቁኝ አልጠቅሰውም፤ የሚሠሩት ግን በካውንቲያችን የኢነርጂ ድጋፍ ማመልከቻ በሚቀበል ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ውስጥ ነው።

ከሴፕቴምበር ጀምሮ የመጋዘን ሥራዬ ሰዓት ስለ ተቀነሰ ለአራት ቤተሰብ በወር የሚገባን ገንዘብ ወደ 2,400 ዶላር ወርዶ ነበር። ከሁሉ በላይ ያሰጋኝ የልጆቹ ብርድ ነበርና ያለችኝን ገንዘብ ለጋዙ ቢል እያስቀደምኩ የመብራቱን ቢል ወደ ጎን አደረግኩት። በዚያ ላይ «በብርድ ወራት ማንም አይቆርጥም፣ ሕጉ ይከለክላል» የሚል ወሬ ከሥራ ባልደረቦቼ ሰምቼ ስለ ነበር የመጀመሪያውን ደብዳቤ በደንብ እንኳ አላነበብኩትም። በዲሴምበር መጀመሪያ የመጣው ሁለተኛው ደብዳቤ ግን የማቋረጫውን ቀን በግልጽ ይዟል፤ ውዝፉም 1,140 ዶላር ደርሷል። ወደ ኩባንያው ስደውል ያነጋገረችኝ ሠራተኛ በየወሩ 450 ዶላር መክፈል እንዳለብኝ ነገረችኝ። የማልችለውን ቃል መግባት ስላልፈለግኩ «አይሆንልኝም» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። በሐቀኝነት ያደረግኩት ይህ ነገር ትልቁ ስህተቴ እንደ ነበር ያስረዱኝ እኚህ ሴት ናቸው።

በጎረቤት ጥቆማ ቢሯቸው ስሄድ በላስቲክ ከረጢት ያጨቅኩትን ደብዳቤ ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው በቀናቸው ቅደም ተከተል አስቀመጡት። ከዚያም «ቤታችሁ በምን ይሞቃል?» ብለው ጠየቁኝ። «በጋዝ» አልኩ። «ፈርነሱ፣ ማሞቂያው ማለቴ ነው፣ የአየር ማራገቢያ አለው?» አሉኝ። አለው። የጋዝ ፈርነስ እሳቱን የሚለኩሰው መቆጣጠሪያና ሙቀቱን ወደየክፍሉ የሚነፋው ማራገቢያ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ስለ ሆኑ፣ መብራቱ ከተቆረጠ ጋዙ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም የተከፈለ ቢሆን እንኳ ቤቱ እንደሚቀዘቅዝ የገባኝ በዚያች ደቂቃ ነው። ሦስት ወር ሙሉ ልጆቼን ከብርድ እየጠበቅኩ መስሎኝ የማሞቂያችንን ግማሽ ሳልከፍል ኖሬያለሁ። አልሳቁብኝም፤ ይህ ስህተት በየሳምንቱ እንደሚገጥማቸው ብቻ ነገሩኝ።

ቀጥለው ስለ ደንቡ አስረዱኝ። በእንግሊዝኛው «ኮልድ ዌዘር ሩል» የሚባለው የሚኒሶታ ደንብ ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 የሚጸና ሲሆን፣ ማሞቂያን የሚነካ የመብራት ወይም የጋዝ አገልግሎት እንዳይቋረጥ ቤተሰብን ይጠብቃል። ባልደረቦቼ ያልነገሩኝ፣ ምናልባትም እነሱ ራሳቸው ያላወቁት፣ ጥበቃው በራሱ የማይመጣ መሆኑን ነው። ደንበኛው ወደ ኩባንያው ደውሎ የክፍያ ስምምነት መግባትና ስምምነቱን እየፈጸመ መቆየት አለበት፤ ዝም ያለ ሰው በጃንዋሪም ቢሆን ሊቆረጥበት ይችላል። የቤተሰቡ ገቢ ከክፍለ ግዛቱ መካከለኛ ገቢ ግማሽ የማይበልጥ ከሆነ ደግሞ፣ በሚኒሶታ የሕዝብ መገልገያዎች ኮሚሽን ቁጥጥር ሥር ያሉት ኩባንያዎች ከወር ገቢው ከ10 በመቶ በላይ እንዲከፍል ሊያስገድዱት አይችሉም። አገልግሎቱ አስቀድሞ የተቋረጠበት ሰውም በዚሁ መንገድ ስምምነት ገብቶ እንዲቀጠልለት መጠየቅ ይችላል።

ስልኩን ድምጽ ማጉያው ላይ አድርገው አብረን ደወልን። አስቀድመው አስተርጓሚ እንድጠይቅ አደረጉኝ፤ የእኔ እንግሊዝኛ ለሥራ እንጂ ለእንዲህ ያለ ክርክር እንደማይበቃ ሳልነግራቸው ተረድተውታል። ከዚያም የደንቡን ስም ጠርቼ «በዚህ ደንብ መሠረት በገቢዬ ልክ የክፍያ ስምምነት እፈልጋለሁ» እንድል መከሩኝ። ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር የንግግሩን አካሄድ ለወጠችው። በዚያኛው ወገን ያለው ሠራተኛ ገቢዬንና የቤተሰቤን ብዛት ጠየቀኝ፤ 450 ዶላር የነበረው ወርሃዊ ክፍያም 190 ዶላር ሆነ። እሳቸው የተናገሩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንደኛው ስምምነቱ በጽሑፍ እንዲላክልን ለመጠየቅ፣ ሁለተኛው የሠራተኛውን ስምና ሰዓቱን በማስታወሻ ደብተሬ እንድጽፍ እኔን ለማሳሰብ። ኩባንያው እምቢ ቢል ኖሮ ጉዳዩን ለሚኒሶታ የሕዝብ መገልገያዎች ኮሚሽን በይግባኝ ማቅረብ እንደምንችልና ይግባኙ እስኪታይ ድረስ አገልግሎቱ እንደማይቋረጥ ከስልኩ በኋላ ነገሩኝ።

ስምምነቱ ላይ ከተደረሰ በኋላ የኢነርጂ ድጋፍ ማመልከቻውን ሞላን። ይህ ድጋፍ ከ1981 ጀምሮ ከፌደራል መንግሥት በሚመጣ ገንዘብ የሚሠራ ሲሆን በሚኒሶታ የሚያስተዳድረው የንግድ መምሪያው ነው። ብድር አይደለም፤ ገንዘቡም አብዛኛውን ጊዜ በቀጥታ ለኩባንያው ስለሚገባ በሰው እጅ አያልፍም። ተከራይም ማመልከት ይችላል፤ እኔ ግን የቤት ባለቤቶች ብቻ መስሎኝ ለዓመታት ሳልጠይቅ ቀርቻለሁ። የማቋረጫ ማስጠንቀቂያ ለደረሰው ሰው የአስቸኳይ ጊዜ ድጋፍ የሚባል ክፍል አለው። ለእኛ በዚህ መንገድ 600 ዶላር ለመብራቱ ኩባንያ ተከፈለልን። የጎደለኝን የደመወዝ ማስረጃ ከአሠሪዬ ለማግኘት ስቸገር ምን ብዬ እንደምጠይቅ በወረቀት የጻፉልኝም እሳቸው ናቸው።

በዚያች ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ተቆጡኝ። ቢቆረጥብን የጋዝ ምድጃውን ከፍተን፣ ካልሆነም ከሰል አቀጣጥለን አንድ ክፍል ውስጥ እንደምናድር ስነግራቸው እስክሪብቶአቸውን አስቀምጠው «ይህን ከዛሬ ጀምሮ ከሐሳብዎ ያውጡ» አሉኝ። በተዘጋ ቤት ውስጥ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም ስለሌለው የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። ወደ ቤቴ ስመለስ መጀመሪያ ያየሁት የጭስና የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያዎቹ ይሠሩ እንደ ሆነ ነው። አንደኛው ባትሪው አልቆበት ነበር።

ከእኔ ጉዳይ ውጭ የሆኑትንም ጠይቄአቸው የመለሱልኝን ለሚጠቅመው ሰው ላስፍር። ከከተማ ወጣ ብሎ በጫኝ መኪና በሚመጣ ፕሮፔን ወይም የማሞቂያ ዘይት የሚጠቀም ሰው በዚህ ደንብ አይጠበቅም፤ ስለዚህ ታንኩ እስኪደርቅ ሳይጠብቅ አስቀድሞ ለኢነርጂ ድጋፍ ማመልከት ይኖርበታል። በቤቱ በኤሌክትሪክ የሚሠራ አስፈላጊ የሕክምና መሣሪያ የሚጠቀም ሕመምተኛ ያለ እንደ ሆነ የሐኪም ማረጋገጫ ለኩባንያው ቢቀርብ የተለየ ጥበቃ አለ። ማሞቂያው በአከራዩ እጅ ለሆነ ተከራይ ደግሞ የሚኒሶታ ሕግ ከ2024 ጀምሮ ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 ቤቱ ከ68 ዲግሪ ፋራናይት እንዳይወርድ አከራዩን ያስገድዳል።

እሳቸው ያሉበትን ቢሮ ለማግኘት የእኔን መልእክት መጠበቅ አያስፈልግም። በየካውንቲው ማመልከቻ የሚቀበል ድርጅት አለ፤ የማኅበራዊ አገልግሎት መረጃ መስመር ወደሆነው 211 ደውሎ «የኢነርጂ ድጋፍ የት ነው የማመለክተው?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ስትሄዱ ማስጠንቀቂያውን፣ የቅርብ ጊዜ ቢሎቹንና የገቢ ማስረጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ። እንደ እኔ በከረጢት አጭቃችሁ ብትወስዱም አይቆጡም፣ ሰዓቱ ብቻ ይረዝማል።

ውለታቸው በዲሴምበር አላበቃም። በኤፕሪል አጋማሽ ራሳቸው ደውለው ስንት ዕዳ እንደ ቀረብኝ ጠየቁኝ፤ ደንቡ መቆረጥን ይከለክላል እንጂ ዕዳ አይሰርዝምና ብዙ ሰው የሚቆረጥበት በሜይ ወር ፀሐይ ሲወጣና ሁሉም ሲዘናጋ እንደ ሆነ ነገሩኝ። 300 ዶላር ቀርቶኝ ነበር። ደንቡ ሳያበቃ ወደ ኩባንያው ደውዬ ከመደበኛው ቢል ጋር በየወሩ 75 ዶላር እየጨመርኩ ለመክፈል ተስማማሁ፤ በዚህ ጊዜ የደወልኩት ብቻዬን ነው፣ ደብተሩን ከፊቴ አስቀምጬ። የመጨረሻውን 75 ዶላር በኦገስት ከፍዬ የደረሰኙን ፎቶ ስልክላቸው «እሰይ! ማመልከቻው በየዓመቱ አዲስ ነውና በኦክቶበር መጀመሪያ የደመወዝ ወረቀትዎን ይዘው ይምጡ» የሚል መልስ ላኩልኝ። ቀጠሮዬን ይዣለሁ።