ሆት ተብ የተበላሸባችሁ ካላችሁ ይህን ልጅ ጥሩት

አውሮራና ዴንቨር አካባቢ ያላችሁ ሐበሾች፣ አንድ ወንድማችንን ላመሰግን ነው። ስልኩን አደባባይ ላይ አልለጥፍም፣ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።

እናቴን ጉልበቷን ያማታል። በክረምት ማታ ማታ ጓሮ ያለው ሆት ተብ (የሚሞቅ የውሃ ገንዳ) ውስጥ ሩብ ሰዓት ካልተቀመጠች እንቅልፍ የላትም። እሱ ደግሞ በዚያ ብርድ መሞቅ አቆመ። ፓምፑ ይሠራል፣ ሂተሩ አይነሳም፣ ስክሪኑ ላይ «ኤፍ ኤል ኦ» (FLO፣ የውሃ ፍሰት ችግር አለ ማለት ነው) የሚል ብልጭ ድርግም ይላል። መጀመሪያ የጠራሁት ባለሙያ አምስት ደቂቃ እንኳ ሳያይ መቆጣጠሪያው ከነሂተሩ ይቀየር አለኝ። 1,400 ዶላር! ውሃው እዚያው በረዶ ቢሆን ቧንቧው ይፈነዳል ብዬ ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ።

ይህ ልጅ በማግስቱ ከሥራው ወጥቶ መጣ። መጀመሪያ ፊልተሮቹን አውጥቶ ያለ እነሱ አስነሳው፤ ችግሩ የፊልተር መቆሸሽ ቢሆን ያኔውኑ ይስተካከል ነበር። አልሆነም። ቫልቮቹ ሙሉ በሙሉ መከፈታቸውን አየ፣ የፓምፑን ማያያዣ ትንሽ አላልቶ የታመቀ አየር ካለ አስወጣ። አሁንም ያው ነው። ከዚያ ወደ ፍሎው ስዊቹ ሄደ። ቧንቧው ውስጥ ያለች ትንሽ ምላስ ነች፤ ውሃው ሲገፋት ኤሌክትሪኩን ታገናኛለች፣ ሂተሩም የሚነሳው ያኔ ብቻ ነው፣ በባዶው እንዳይቃጠል። የስዊቹን ሁለት ሽቦዎች ከመቆጣጠሪያው ነቅሎ ቴስተር አደረገባቸው፣ ፓምፑን አስነሳ። ስዊቹ ሲያገናኝ መጮህ የነበረበት ቴስተር ዝም አለ።

ብሬከሩን አጥፍቶ፣ ቫልቮቹን ዘግቶ ስዊቹን ፈታውና በስልኩ መብራት አሳየኝ። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ዓይነት ነጭ ነገር ምላሷን ከነሥሯ ይዟታል። ኮምጣጤ ውስጥ ዘፍዝፎ አጸዳት፤ መንቀሳቀስ ጀመረች፣ ግን ቴስተሩ አንዴ ይጮሃል አንዴ ይተዋል። «ጋሼ፣ ሁለቱን ሽቦዎች ባገናኛቸው አሁኑኑ ይሞቃል፣ ግን አንድ ቀን ውሃው ሲቆም ሂተሩን ያቃጥልብዎታል፣ አላደርገውም» አለኝ። እኔ እኮ እናቴ ስታቃስት ስለምሰማ ልለምነው ሁሉ ዳድቶኝ ነበር። ስዊቹን መልሶ አስሮ፣ ውሃው በረዶ እንዳይሆን ፓምፑ ሳይቆም እንዲያድር አድርጎ ሄደ።

በማግስቱ አዲሱን ስዊች ይዞ መጣ፣ በግማሽ ሰዓት ገጠመው። ማታውኑ 100 ዲግሪ ፋራናይት ገባ። ዕቃው 55 ዶላር፣ ሁለት ቀን ለተመላለሰበት ደግሞ 120 ብቻ። ጨምር ብዬው እምቢ አለ፤ እናቴ «እጅህ ይባረክ» እያለች እስከ መኪናው ሸኘችው። ወንድሜ፣ በእሷ ስም እግዚአብሔር ይስጥልን።

በሥራ ቀን በአሜሪካ አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ፣ ቅዳሜ ደግሞ ሙሉ ቀን ይሠራል። ከመደወላችሁ በፊት ፊልተሩን አውጥታችሁ ሞክሩት፣ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።