በእምነት ስም የሚሰጥ ብድር፦ በደሴ ሁለት አገልግሎቶችን ተጠቅሜ የታዘብኩት

በደሴ ከተማ ሰኞ ገበያ አካባቢ የተማሪ ደንብ ልብስ እየሰፋሁ የምተዳደር ሰው ነኝ። የእኛ ሥራ ገንዘብ የሚበላበትና ገንዘብ የሚያስገባበት ጊዜ አይገጣጠምም፤ ጨርቁ በሰኔና በሐምሌ ይገዛል፣ ነሐሴን ሙሉ ሲሰፋ ይከረማል፣ ሽያጩ ግን የሚሟሟቀው ጳጉሜን ሲቃረብ ነው። በዚህ ምክንያት ያለ ብድር የሚዘልቅ ልብስ ሰፊ ጥቂት ነው። ባለፉት ሁለት ዓመታት እኔም ሁለት ዓይነት አገልግሎት ተጠቅሜአለሁ። የመጀመሪያው በአንድ ክርስቲያናዊ የልማት ድርጅት የተቋቋመ የአነስተኛ ብድርና ቁጠባ ተቋም ሲሆን፣ ሁለተኛው አንድ ባንክ የሚሰጠው ከወለድ ነፃ አገልግሎት ነው። ቅሬታዬ በአንድ ቅርንጫፍ ከገጠመኝ ነገር የመነጨ በመሆኑ የሁለቱንም ስም አልጠቅስም። ይህን ግምገማ የምጽፈው ብዙ ሰው «የሃይማኖት ድርጅት ከሆነ አይጨክንም፣ አያታልልም» በሚል እምነት ብቻ ሲፈርም ስለማይ፣ አንዳንዱም በተቃራኒው «ሃይማኖት ያለበት ገንዘብ ሥርዓት የለውም» ብሎ ሲሸሽ ስለምሰማ ነው።

ወደ መጀመሪያው ተቋም የሄድነው አምስት ሆነን ነው፤ ሦስቱ ሙስሊሞች፣ ሁለታችን ክርስቲያኖች። ወሎን ለሚያውቅ ሰው ይህ ምንም አያስገርምም። አምስታችንም አንድ ቅሬ ውስጥ ነን፤ ቅሬ ማለት ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፣ የሙስሊሙንም የክርስቲያኑንም ቀብር አብሮ የሚያወጣ። የብድር ባለሙያው ስለ ቡድን ዋስትና ሊያስረዳን ሲጀምር፣ አንዷ ከሌላዋ ዕዳ እንደማታመልጥ፣ አንዷ ካልከፈለች አራቱ እንደሚከፍሉ ደጋግሞ ነገረን። የቡድናችን ሰብሳቢ፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው እናት፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ «ልጄ፣ ይህን እኛ ቀድሞም እናውቀዋለን፤ አንተ ወረቀቱን ብቻ አምጣው» አሉት። ባለሙያው ሳቀ፤ ንግግሩንም አሳጠረ።

ብድሩ እንዲህ ነበር። ለእያንዳንዳችን 60,000 ብር፣ የመመለሻ ጊዜው 12 ወር፣ ወለዱ በዓመት 15 በመቶ። ከብድሩ ላይ 6,000 ብር የግዴታ ቁጠባ ተብሎ ገና ገንዘቡ እጃችን ሳይገባ ተያዘ። ወለዱ የሚሰላው በየወሩ በሚቀረው ዕዳ ላይ ሳይሆን መጀመሪያ በተወሰደው 60,000 ብር ላይ ስለሆነ ጠቅላላ ወለዱ 9,000 ብር፣ ወርኃዊ ክፍያውም 5,750 ብር ሆነ። ስሌቱ በቀሪው ዕዳ ላይ ቢሆን ኖሮ ወለዱ 4,875 ብር ብቻ ይሆን ነበር። በሌላ አነጋገር 15 በመቶ የተባለው ወለድ፣ በዓመቱ ውስጥ በእርግጥ በእጄ ከቆየው አማካይ ገንዘብ ጋር ሲነጻጸር 28 በመቶ ገደማ ይደርሳል፤ የተያዘው ቁጠባ ሲጨመርበት ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ይህ አሠራር የዚህ ተቋም ብቻ አይደለም፤ በየሰፈሩ ያለ ነው። ሆኖም በግድግዳው ላይ ስለ ድሆችና ስለ ፍትሕ የሚናገር ጥቅስ የሰቀለ ድርጅት ይህን ልዩነት ለተበዳሪው ቁጭ ብሎ በቁጥር ቢያስረዳ ጥቅሱ ይበልጥ ያምርበት ነበር። እኔ ያወቅኩት በ10ኛ ክፍል ተማሪ ልጄ ካልኩሌተር ነው።

ሌላው ጉድለት የክፍያው ጊዜ ነው። በሰኔ ብድር ወስዶ በሐምሌ የመጀመሪያውን ክፍያ ማስገባት ለልብስ ሰፊ የማይመች ነገር ነው፤ ጨርቁ ገና በመደርደሪያ ላይ ነዋ። በመስከረም ብዙ፣ በሌላው ወር ጥቂት እንድንከፍል ጠይቀን ነበር፤ «ሲስተሙ አይቀበልም» ተባልን። እምነት ይህን ዓይነቱን ነገር አያስተካክለውም፤ የሚያስተካክለው የደንበኛውን ሥራ ያየ ሰው ተቀምጦ የሚቀርጸው የብድር ዓይነት ነው።

ታዲያ የተቋሙ ሃይማኖታዊ መሠረት የት ላይ ታየ? በጣም የሚያስመሰግነው በባለሙያዎቹ አመላለስ ነው። አንዲት የቡድናችን አባል እናቷ ሲሞቱባት የብድር ባለሙያው ለቅሶ ደረሰ። ድንኳን ውስጥ ከሰዓቱን ሙሉ ተቀመጠ፣ ስለ ብድር አንድ ቃል አልተነፈሰም፣ በማግሥቱም ተመልሶ መጣ። የዚያን ወር ክፍያዋን እኛ አራታችን አዋጥተን ከፈልንላት፤ ለእያንዳንዳችን 1,437 ብር ከ50 ሳንቲም ደረሰብን። እርሷም ከመስከረም ሽያጭ ላይ ሳንቲሟን ሳታጎድል መለሰች። ስለዚህ ነገር በኋላ ስንጫወት «ተቋሙን ፈርቼ አይደለም፤ ቅሬው ፊት ምን ብዬ እቆማለሁ» አለችኝ። ገንዘቡን ያስመለሰው የመሥራቾቹ ሃይማኖት ሳይሆን እርስ በርስ የተሳሰርንበት ገመድ ነው፤ የመሥራቾቹ ሃይማኖት ያደረገው ያንን ገመድ የሚያከብር ሠራተኛ መላክ ነው። ሁለቱን መለየት ተገቢ ይመስለኛል።

የስብሰባ ቀን አመራረጣቸውም ብልህነት ነበረበት። በከተማው ያለን ቡድኖች ሐሙስ ጠዋት እንገናኛለን፤ ሰኞ የገበያ ቀናችን ስለሆነ፣ ዓርብ ለጁምዓ፣ እሑድ ለቅዳሴ እንዳይነካ ተብሎ። ባለሙያው እንዳጫወተኝ በደሴ ዙሪያ ላሉ የገጠር ቡድኖች ደግሞ በወር በገባ በ12 ወይም በ21 ይሰበስባሉ፤ በሚካኤልና በማርያም ቀን በሬ ስለማይጠመድ ገበሬው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ በዚያው ይከፍላል። ሙስሊም አባላት ያሉባቸው ቡድኖች ግን በእነዚያ ቀናት ሥራቸውን ፈትተው ይመጣሉ፤ ይህን ስጠይቀው ዝም አለ።

ስብሰባው በጸሎት ይከፈታል። መጀመሪያ ላይ ማንንም አላስከፋም፤ ወሎ ውስጥ ማንም ቢመርቅ እጅ ተዘርግቶ አሜን ይባላል። ችግሩ የመጣው ባለሙያው ተቀይሮ ሌላ ሲመደብልን ነው። አዲሱ ሰው ጸሎቱን ወደ ስብከት ወሰደው፣ ከክፍያ ደብተሩ ጋር የሃይማኖት ትራክት፣ ማለትም የስብከት በራሪ ወረቀት፣ ማደል ጀመረ፣ ስብሰባውም ከግማሽ ሰዓት ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ተጎተተ። አንዷ ሙስሊም ጓደኛችን ያለ ምንም ጭቅጭቅ ብድሯን ቀድማ ዘግታ ወጣች። እኔም ተዋሕዶ ነኝና ትራክቱን እየተቀበልኩ ቦርሳዬ ውስጥ እከተው ነበር እንጂ ደስ አላለኝም። ከዚህ የባሰው የውዝፍ ጉዳይ ነው። በአጎራባች ቡድን ያለች የባለሙያው የምእመናን ማኅበር አባል ሦስት ወር ሳትከፍል ስትቀር «በጸሎት እየያዝናት ነው» ተባለ። በሁለት ሳምንት የዘገየች የእኛ ሰፈር ሴት ግን በቀበሌ በኩል ደብዳቤ ደረሳት። ቅሬታችንን በጽሑፍ አቅርበናል፤ መልስ አላገኘንም። ምሕረት ጥሩ ነገር ነው፤ ደንብ ከሌለው ግን ለዘመድ ብቻ ይደርሳል።

እነዚህን ነገሮች ካየሁ በኋላ ጉዳዩ በሌላው ዓለም እንዴት እንደሆነ ለማንበብ ሞከርኩ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ የአጥኚዎች ሥራ ክርስቲያናዊ መሠረት ያላቸውን የአነስተኛ ብድር ተቋማት ከሌሎቹ ጋር አነጻጽሯል። ያገኘውም፣ ሃይማኖታዊዎቹ ለሚያበድሩት ገንዘብ የሚከፍሉት ወጪ ያነሰ መሆኑን፣ ይሁንና ትርፋቸውም በተከታታይ ዝቅ ማለቱን፣ ለድሃው በመድረስ ረገድ ግን ከሌሎቹ የተለዩ አለመሆናቸውን ነው። የእኔ ሐሳብ በዚህ ላይ ከመርፌ ዓይን የሚያይ ሰው ሐሳብ ነው፤ ርካሹ ገንዘብ በወለድ ቅናሽ መልክ ወደ እኔ አልደረሰም። ምናልባት የሄደው በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ወደተቀመጠው ከሰዓት፣ ወደ ሩቅ ቀበሌ ወደሚደረገው የእግር ጉዞ፣ እንዲሁም «በጸሎት ወደተያዘው» ውዝፍ ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ገንዘቡ ቢወጣባቸው አይቆጨኝም።

በሌላ በኩል የፓኪስታኑ አኩዋት ይጠቀሳል። መሐመድ አምጃድ ሳቂብ እ.ኤ.አ. በ2001 በላሆር የመሠረቱት ይህ ድርጅት የሚያበድረው ያለ ወለድ፣ ቀርድ ሐሰን በሚባለው የእስልምና የመልካም ብድር ሥርዓት ሲሆን፣ ብድሩን የሚያድለው በመስጊድ ውስጥ፣ ለክርስቲያን ተበዳሪዎችም በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። የማምለኪያ ቦታው ለቢሮ ኪራይ የሚወጣውን ወጪ ያስቀራል፤ በአደባባይ፣ በጉባኤ ፊት የተወሰደ ብድርም ለመካድ ይከብዳል። መሥራቹ እ.ኤ.አ. በ2021 «የእስያ ኖቤል» የሚባለው የራሞን ማግሳይሳይ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ነገር ግን ወለድ የማያስከፍል ድርጅት በልገሳና በመንግሥት ገንዘብ ላይ ይንጠለጠላል፤ አኩዋትም ትልቅ የሆነው የፑንጃብ ክልል መንግሥት ገንዘብ ከሰጠው በኋላ ነው። ለጋሽ ሲደክም ምን ይሆናል የሚለውን እዚህ አገር ስንት ፕሮጀክት ሲዘጋ ያየ ሰው መጠየቁ አይቀርም።

ወደ ሁለተኛው አገልግሎት ልለፍ። የአነስተኛ ብድር ተቋማት በአዋጅ ቁጥር 40/1988 መስመር ከያዙ ወዲህ ለብዙ ዘመን ወለድ የማይነካ ሙስሊም ከበሩ ውጭ ቆሞ ኖሯል። ባንኮች ከወለድ ነፃ መስኮት፣ ማለትም በመደበኛው ባንክ ውስጥ ለብቻው የሚሠራ ከወለድ ነፃ ክፍል፣ እንዲከፍቱ የተፈቀደው ዘግይቶ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነው የመጀመሪያው ባንክ፣ ዘምዘም፣ ሥራ የጀመረው በ2013 ዓ.ም. ነው። በሶማሌ ክልልም የሶማሌ አነስተኛ ፋይናንስ ተቋም ከወለድ ነፃ ሆኖ ሠርቶ በኋላ ሸበሌ ባንክ ሆኗል። ከቡድናችን ወጣች ያልኳት ጓደኛዬ ለእንዲህ ዓይነቱ መስኮት እኔንም ይዛኝ ሄደች፤ ክርስቲያን መሆኔን ማንም አልጠየቀኝም፣ በማመልከቻው ላይም የሃይማኖት ቦታ የለም።

የተጠቀምኩት ሙራባሃ የሚባለውን ነው። ባንኩ ገንዘብ አይሰጥም፤ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ፣ ትርፉን አስታውቆ፣ በረጅም ጊዜ ክፍያ ይሸጥልሃል። ከሦስት ሻጮች ፕሮፎርማ አመጣሁ፣ ባንኩ የኢንዱስትሪ ስፌት ማሽኑን በ48,000 ብር ገዛ፣ ለእኔም በ54,000 ብር ሸጠልኝ። ወርኃዊ ክፍያው 4,500 ብር፣ ለ12 ወር። በመጀመሪያው ተቋም ስሌት ለዚሁ ገንዘብ ወለዱ 7,200 ብር ይሆን ነበርና ልዩነቱ 1,200 ብር ነው፤ ያን ያህል የሚያስፈነጥዝ አይደለም። የሚለየው ግልጽነቱ ነው። ውሉ ላይ አንድ ዋጋ ተጽፏል፤ ያ ዋጋ ብዘገይ አይጨምርም፣ የዘገየሁበት መቀጫ ቢኖር እንኳ ለበጎ አድራጎት እንጂ ለባንኩ ገቢ እንደማይሆን ተነግሮኛል። የስፌት ሥራዬን የሚያውቁ ሰዎች «ወለድን ትርፍ ብለው ጠሩት እንጂ ያው ነው» ይሉኛል። በቁጥር ብቻ ከሆነ እውነት አላቸው። ለጓደኛዬ ግን ያው አይደለም፤ ከእኛ ጋር በወለድ ከመበደሯ በፊት ለ11 ዓመት በእጅ ማሽን ስትሰፋ የኖረችው በዚያ ልዩነት ምክንያት ነው።

ጉድለቱም ቀላል አይደለም። ከማመልከቻ እስከ ማሽን ርክክብ ሰባት ሳምንት ፈጀ፤ የመጀመሪያው ተቋም በዘጠኝ ቀን አብድሮን ነበር። ባንኩ የሚገዛው ደረሰኝ ካለው ሻጭ ብቻ ስለሆነ ያገለገለ ማሽን ከሰው እጅ መግዛት አይቻልም፤ ጨርቅ ደግሞ በገበያ ቀን ዋጋው እየተለዋወጠ፣ ከሦስት ከአራት ነጋዴ በጥሬ ገንዘብ የሚለቀም ነገር ነውና ለዚህ አሠራር አይመችም። የሐምሌን ጨርቅ በሙራባሃ ልገዛ ብዬ ተሞኝቼ ነበር፤ ፕሮፎርማው ጸድቆ ሲመለስ ሻጩ ዋጋውን ጨምሮ ጠበቀኝ። ለማሽን፣ ለምድጃ፣ ለወፍጮ፣ ለማቀዝቀዣ የሚፈልግ ሰው ግን፣ ሃይማኖቱ ምንም ይሁን፣ ይህን መስኮት ሳይጠይቅ አይለፍ። ሲሄድም ባንኩ ዕቃውን በእርግጥ ገዝቶ እንደሚያስረክብ ያረጋግጥ፤ ደረሰኙን ሳያዩ ገንዘብ ብቻ የሚሰጡ ካሉ ያ ሌላ ነገር ነው።

ወደ መጀመሪያው ተቋም የሚሄድ ሰው ደግሞ ከመፈረሙ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ወለዱ በየትኛው ገንዘብ ላይ እንደሚሰላ፣ የተያዘው ቁጠባ መቼ እንደሚመለስ፣ ውዝፍ ላለበት አባል የሚሰጠው የእፎይታ ጊዜ በጽሑፍ መኖሩን። መልሱ «አይዞህ፣ እኛ እኮ የእግዚአብሔር ሰዎች ነን» ከሆነ ጥያቄውን ይድገም።

ዘንድሮ ከቡድናችን የቀረነው አራታችን ለጨርቅ እንደገና ከተቋሙ ተበድረናል፤ ባለሙያው እንደገና ተቀይሯል፣ አዲሷ ልጅ ስብሰባውን በአጭር ምርቃት ከፍታ ደብተሩን ትዘረጋለች። የወጣችው ጓደኛችን በሁለተኛው ማሽኗ ትሰፋለች፤ ሐሙስ ሐሙስ ግን ቡናው ሲፈላ ትመጣለች፣ የምትከፍለው ዕዳ ባይኖርባትም።